የፓይተን ፕሮግራም የጋራ ላይብረሪውን እንዲያገኝ የትኛውን መንገድ እንምረጥ? የሊኑክስ አማራጮች በንጽጽር

ከእንጦጦ ወዲያ፣ ሱሉልታ አጠገብ ባለ አንድ የወተት መሰብሰቢያ ውስጥ፣ አርቢዎች የሚያመጡትን ወተት መዝግቦ ደረሰኝ የሚያትም አነስተኛ የፓይተን ፕሮግራም ተክዬ ነበር። ሚዛኑን የሚያናግረው ክፍል በፓይተን የተጻፈ አይደለም፤ ከሚዛኑ ጋር አብሮ የመጣ የጋራ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በሥራ ጊዜ ጠርተው የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ የኮድ ፋይል) ነው፤ ይህ ላይብረሪ ደግሞ በተራው በሲሪያል ገመዱ በኩል መረጃ የሚቀበል ሌላ ሁለተኛ ላይብረሪ ይፈልጋል። ሁሉም ነገር ለሦስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። በአራተኛው ሳምንት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ፣ ኮምፒውተሩም እንደገና ተነሣ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የግቢው ጥበቃ ደውለው «ልጄ፣ ሚዛኑ ቁጥር ያሳያል፤ ኮምፒውተሩ ግን አላይም ብሏል፤ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል» አሉኝ። እኔ የምኖረው በከተማዋ ሌላኛ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ደርሼ ለማየት አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነበረብኝ።

ስክሪኑ ላይ የጠበቀኝ መልእክት የጋራ ኦብጀክት ፋይሉ፣ ማለትም ላይብረሪው፣ ሊከፈት እንዳልቻለና እንዲህ ያለ ፋይል እንደሌለ የሚናገር ነበር። ፋይሉ ግን እኔው ባስቀመጥሁበት ፎልደር ውስጥ አለ። የጠፋው የፎልደሩን አድራሻ ይዞ የነበረው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራም ሲነሣ የሚወርሰው ስምና ዋጋ) ነው፤ እርሱን የጻፍሁት ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው የባሽ አርሲ ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ ከመብራት መቋረጡ በኋላ ፕሮግራሙን ያስነሣው ተርሚናል ሳይሆን ሲስተምዲ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረው የሊኑክስ ክፍል፣ ነበር፤ ሲስተምዲ ደግሞ ያንን ፋይል አያነብም። ለዚህ ችግር በየመድረኩ የሚሰጡት መልሶች ብዙና እርስ በርስ የሚጋጩ ስለሆኑ፣ አማራጮቹን በአንድ ዓይነት መመዘኛ አስቀምጦ ማየቱ ይጠቅማል።

በዚህ ጽሑፍ የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን ጽፌአለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደላት ነው የሚገቡት። የላይብረሪ ፎልደሮችን አድራሻ የሚይዘውና ከላይ የጠፋብኝ፣ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የተባለው ቫሪያብል ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ሆሄያት ይጻፋል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ፕሮግራሙ የሰው እጅ ሳይነካው ሥራውን ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ በየወሩ የሚገጥም ፈተና ነው። ሁለተኛው ለውጡ የሚነካው ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ወይስ በማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ የሚለው ሲሆን፣ ሦስተኛው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አራተኛ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጠን ወደ ሌላ ማሽን ብንወስደው ይሠራል? አምስተኛ፣ ምን ያህል የኢንተርኔት ዳታ ይበላል? ሶፍትዌሮቹ ሁሉም በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ፣ በሞባይል ፓኬጅ ለሚሠራ ሰው እውነተኛው ዋጋ ዳታውና የመንገዱ ድካም ነው። የመጨረሻው መመዘኛ፣ ሲበላሽ ምክንያቱን በስልክ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

አስቀድሞ፣ ችግሩ በእርግጥ የአድራሻ ነው?

አራት ዓይነት መልእክቶች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። «ፋይሉ የለም» የሚለው የአድራሻ ችግር ነው፤ ሆኖም በሊኑክስ ላይ መልእክቱ የሚጠራውን ስም በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው እኛ የጠራነው ላይብረሪ ሳይሆን እርሱ የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ ነው። «የኢኤልኤፍ ክላሱ ትክክል አይደለም» የሚለው ባለ 32 ቢት ላይብረሪ ለባለ 64 ቢት ፓይተን ተሰጥቷል ማለት ነው፤ አድራሻ ቢለዋወጥ አይድንም። «የጂሊብሲ ስሪት አልተገኘም» የሚለው ደግሞ (ጂሊብሲ የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ነው) ላይብረሪው ከእኛ ማሽን ይልቅ አዲስ በሆነ ሲስተም ላይ ተገንብቷል ማለት ነው። ለምሳሌ ኡቡንቱ 20.04 የሚይዘው ጂሊብሲ 2.31 ሲሆን ኡቡንቱ 22.04 የሚይዘው 2.35 ነው፤ በኋለኛው ላይ የተገነባ ላይብረሪ በፊተኛው ላይ እምቢ ሊል ይችላል። አራተኛው «ያልታወቀ ሲምቦል» የሚለው (ሲምቦል በላይብረሪ ውስጥ ያለ የፈንክሽን ወይም የቫሪያብል ስም ነው) ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ትክክል የሆነ፣ ስሪቱ ግን ሌላ የሆነ ላይብረሪ ቀድሞ ሲገኝ የሚመጣ ነው።

ለምርመራ ኤልዲዲ የተባለው ትእዛዝ አንድ ላይብረሪ የሚፈልጋቸውን ሁሉ ዘርዝሮ ያልተገኘውን ያሳያል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሁኔታ የሚመረመረውን ፋይል ራሱን ሊያስኬድ ስለሚችል ምንጩ ካልታመነ ፋይል ላይ መጠቀም አይገባም። እኔ ይበልጥ የምወደው ኤልዲ_ዲበግ የሚባለውን ቫሪያብል «ሊብስ» በሚል ዋጋ ሰጥቶ ፕሮግራሙን ማስነሣት ነው፤ ሎደሩ (ላይብረሪዎችን ፈልጎ የሚጭነው የሲስተሙ ክፍል) የሞከራቸውን ፎልደሮች አንድ በአንድ፣ በሞከረበት ቅደም ተከተል ይዘረዝራል። እየሠራ ያለ ፕሮግራም ሲነሣ የተሰጡትን ቫሪያብሎች ለማየት ደግሞ በፕሮክ ፎልደር ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ያለውን የኢንቫይሮን ፋይል ማንበብ ይበቃል፤ ከአጠገቡ ያለው የማፕስ ፋይል እያንዳንዱ ላይብረሪ ከየት እንደተጫነ ይናገራል። እነዚህን ሁለት ፋይሎች ባየሁ ኖሮ ያን ዕለት ግማሽ ቀን ባላባከንሁ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ማወቅ ለምርጫው መሠረት ነው። የተጠራው ስም ውስጥ የእዝባር ምልክት ካለበት ሎደሩ ሌላ ቦታ ሳይፈልግ በቀጥታ ወደዚያው አድራሻ ይሄዳል። እዝባር ከሌለው ግን በመጀመሪያ በጠሪው ፋይል ውስጥ የተቀረጸውን የፎልደር አድራሻ፣ አርፓዝን፣ ያያል፣ ይህም ራንፓዝ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሌለ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን፣ ቀጥሎ ራንፓዝን፣ ቀጥሎ ኤልዲኮንፊግ በተባለው ትእዛዝ የሚዘጋጀውን ካሽ (የተመዘገቡ ላይብረሪዎች ዝርዝር)፣ በመጨረሻም የሲስተሙን የሊብ ፎልደሮች ይፈትሻል።

ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ፦ ለምርመራ ጥሩ፣ ለቋሚነት ደካማ

ሁሉም ሰው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ፈቃድ አይጠይቅም፣ ዳታ አይበላም፣ በአንድ መስመር ያልቃል። ድክመቱ ቫሪያብሉ የማሽኑ ንብረት ሳይሆን የፕሮሰሱ ንብረት መሆኑ ነው፤ አንድ ፕሮሰስ የሚወርሰው ካስነሣው ወላጅ ነው፤ ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሣው) ወይም ሲስተምዲ ያስነሣው ፕሮግራም ከእኔ ተርሚናል የሚወርሰው ነገር የለም። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬደው ትእዛዝ) ሲጠሩትም ቫሪያብሉ ይወልቃል፤ ሱዶ በልዩ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ ሎደሩ ለደኅንነት ሲል ያስወግደዋል፤ ኢንቫይሮንመንቱን አቆይ የሚለው አማራጭ እንኳ አይመልሰውም።

ብዙ የፓይተን ጸሐፊዎችን የሚያሳስተው ግን ሌላ ነገር ነው። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ላይ በኦኤስ ኢንቫይሮን አማካይነት ቫሪያብሉን ጽፈው፣ በሁለተኛው መስመር በሲታይፕስ (የጋራ ላይብረሪ በሚጠራው የፓይተን ሞጁል) ላይብረሪውን ይጠራሉ፤ ቫሪያብሉን ቢያሳትሙት ትክክለኛው ዋጋ ይታያል፤ ላይብረሪው ግን አይገኝም። ምክንያቱ ሎደሩ ይህን ቫሪያብል የሚያነበው አንድ ጊዜ፣ ፕሮሰሱ ሲነሣ ብቻ መሆኑ ነው፤ የፓይተን የመጀመሪያ መስመር ሲሠራ ንባቡ አልፏል። በኋላ የተጻፈው ዋጋ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለሚወለዱ ልጅ ፕሮሰሶች ነው። ሱሉልታ ላይ ቆሜ የሞከርሁት የመጀመሪያ መፍትሔ ይኸው ነበር፤ ከበሩ ውጭ ሰልፉ እየረዘመ፣ እኔ ደግሞ ትክክለኛ ዋጋ እያሳተመ የማይሠራ ፕሮግራም አፍጥጬ እያየሁ።

ሌላም ትንሽ ወጥመድ አለ። አዲሱን ፎልደር ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ የነበረውን ዋጋ ከኋላው መቀጠል የተለመደ ነው። የነበረው ዋጋ ባዶ ከሆነ መስመሩ በሁለት ነጥብ ያልቃል፤ ሎደሩም ባዶውን ቦታ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ብሎ ይተረጉመዋል። ማንኛውም ሰው ፋይል ሊያስቀምጥበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ሆኖ ለሚነሣ ፕሮግራም ይህ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ቫሪያብሉን መጠቀም ግድ ከሆነ ቦታው በሲስተምዲ የአገልግሎት ፋይል ውስጥ፣ ኢንቫይሮንመንት በሚለው መስመር ነው። እዚያ ከተጻፈ ከማሽኑ ዳግም መነሣት በኋላም ይቀጥላል፣ የሚነካውም ያንን አገልግሎት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ መስመር የዶላር ምልክት ልዩ ትርጉም ስለሌለው፣ ከባሽ የለመድነውን «የነበረውን ዋጋ ጨምር» የሚል አጻጻፍ ገልብጦ መለጠፍ አይሠራም።

ኤልዲኮንፊግ፦ ለመላው ማሽን መመዝገብ

በኢቲሲ ሥር ባለው የኤልዲ ኤስኦ ኮንፍ ዲ ፎልደር ውስጥ የላይብረሪውን ፎልደር አድራሻ የያዘ አንድ ፋይል ጽፎ ኤልዲኮንፊግን በሱዶ ማስኬድ ነው። ጸንቶ ይኖራል፤ ማንም ያስነሣው ማን ፕሮግራሙ ያገኘዋል። አንድ ማሽን ለአንድ ሥራ ብቻ ሲመደብ ጥሩ ምርጫ ነው።

የማልወደው፣ አቅራቢዎች ከራሳቸው ላይብረሪ ጋር የሲ ፕላስ ፕላስን መደበኛ ላይብረሪ አሮጌ ቅጂ አብረው የሚያቀብሉበት ጊዜ ስላለ ነው። ያ ፎልደር ከተመዘገበ ምንም የማያገናኘው ሌላ ፕሮግራም አሮጌውን ቅጂ አንሥቶ «የምፈልገው ስሪት አልተገኘም» ብሎ ሊወድቅ ይችላል፤ የዚያ ፕሮግራም ባለቤትም ምክንያቱን በእኛ ሚዛን ላይ አይፈልገውም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ፎልደሩ ውስጥ የእኛ ያልሆነ ነገር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሙሉ አድራሻን በኮዱ ውስጥ መጻፍ

ለሲታይፕስ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን መስጠት፣ እዝባር ያለበት ስም በቀጥታ ስለሚከፈት፣ ቀላልና ግልጽ ነው። አድራሻውን ከፕሮግራሙ ፋይል ቦታ ተነሥቶ የሚያሰላ አንድ መስመር ከተጨመረ ፎልደሩ የትም ቢዛወር ይሠራል። እኔ ሁለተኛ የሞከርሁት ይህንን ነበር፤ የመጀመሪያው ላይብረሪ ተከፈተ፤ የስሕተት መልእክቱ ግን አልጠፋም፤ ስሙን ብቻ ቀይሮ ሁለተኛውን ላይብረሪ መጥራት ጀመረ። ሙሉ አድራሻ የሚያገለግለው ለተጠራው ፋይል እንጂ እርሱ ለሚጠራቸው አይደለም።

ማለፊያው ጥገኛውን ላይብረሪ አስቀድሞ በሙሉ አድራሻው መጫን፣ ከዚያ ዋናውን መጥራት ነው፤ በኡቡንቱና በመሰሎቹ ላይ ሎደሩ በዚያው ስም ቀድሞ የተጫነ ላይብረሪ ካለ እርሱኑ ይጠቀማል። ለሁለትና ለሦስት ላይብረሪ ይህ በቂ ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ግን ቅደም ተከተሉን በእጅ መጠበቅ አድካሚ ነው፤ ከአቅራቢው አዲስ ስሪት በመጣ ቁጥርም ሊፋለስ ይችላል።

ራንፓዝ ከኦሪጂን ጋር፦ አድራሻውን በላይብረሪው ውስጥ መቅረጽ

በመጨረሻ የረጋሁበት ይህ ነው። ፓችኤልፍ የተባለው አነስተኛ መሣሪያ በተጠናቀቀ ላይብረሪ ውስጥ «የምትፈልገውን እዚህ ፈልግ» የሚል አድራሻ ይቀርጻል። የዶላር ምልክት አስቀድሞ ኦሪጂን የሚል ቃል ከተቀረጸ፣ ሎደሩ በሥራ ጊዜ «ይህ ፋይል ራሱ ያለበት ፎልደር» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱ ላይብረሪዎች በአንድ ፎልደር እስካሉ ድረስ ፎልደሩ በፍላሽ ወደ ሰበታም ይሂድ ወደ ለገጣፎ ይገናኛሉ፤ ከዚህ ላይ ዋናውን ላይብረሪ በሙሉ አድራሻ መጥራት ሲጨመር ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የሚባል ነገር ከታሪኩ ይወጣል። ኑምፓይን የመሰሉ የፓይተን ጥቅሎች በፒፕ (በፓይተን ጥቅል መጫኛው) ሲጫኑ ያለ ምንም ማስተካከያ የሚሠሩትም በዚሁ ዘዴ ነው፤ የሚፈልጓቸውን ላይብረሪዎች በጥቅሉ ውስጥ ይዘው፣ አንጻራዊ አድራሻ ተቀርጾባቸው ነው የሚመጡት።

እጅ የሚያሳስተው ነገር አለ። ኦሪጂን የሚለው ቃል ተርሚናል ላይ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መግባት አለበት። በድርብ ከተጻፈ ባሽ እንደ ራሱ ቫሪያብል ቆጥሮ በባዶ ይተካዋል፤ ፓችኤልፍ ያለ ቅሬታ ባዶ አድራሻ ይቀርጻል፤ እኛም ሥራው የተሠራ ይመስለናል። ስለዚህ ከቀረጹ በኋላ ሪድኤልፍን በዲ አማራጭ ጠርቶ የራንፓዙን መስመር በዓይን ማየት አይዘለልም።

ሁለተኛ፣ ራንፓዝ የሚያገለግለው የተቀረጸበት ፋይል በቀጥታ ለሚጠራቸው ብቻ ነው፤ የልጅ ልጅ አይቆጥርም። አሮጌው አርፓዝ ግን እስከ ልጅ ልጅ ይደርሳል። ስለዚህ ሦስት ደረጃ ያለው ሰንሰለት ካለ በእያንዳንዱ ላይብረሪ ላይ ራንፓዙን መቅረጽ ይገባል። ሦስተኛ፣ የአቅራቢውን ፋይል መለወጥ በፈቃድ ውሉ የተከለከለ ሊሆን ስለሚችል ውሉን ማንበብ፣ ዋናውን ቅጂም ሳይነኩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አዲስ ስሪት ሲመጣም ቅርጹ አብሮ ስለማይመጣ እንደገና ይሠራል።

ኮንዳና ዶከር

ሁለቱም ፕሮግራሙን ከነአካባቢው ጠቅልለው የሚይዙ ናቸው። ኮንዳ ፓይተኑንና ላይብረሪዎቹን በአንድ ፎልደር ያስቀምጣል፣ እርስ በርስ የሚገናኙትም በአንጻራዊ አድራሻ ነው፤ ጂሊብሲን ግን ከማሽኑ ስለሚወስድ የጂሊብሲ ስሪት ችግርን አይፈታም። ከሲስተምዲ ሲጠራ በኮንዳው ፎልደር ውስጥ ያለውን ፓይተን በሙሉ አድራሻ መጥራት ይሻላል፤ «አክቲቬት» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ቫሪያብሎችን ከማዘጋጀት ያለፈ ብዙ አይሠራምና።

ዶከር የራሱን ጂሊብሲ ይዞ ስለሚመጣ ያንን ችግር ይፈታል። ዋጋው ዳታ ነው፤ የተሟላው የፓይተን ኢሜጅ (ዶከር የሚያወርደው ጥቅል) በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይወስዳል። ከተማ ውስጥ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርዶ፣ በሴቭ ትእዛዝ ወደ ፋይል ቀይሮ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። የሚዛኑ ገመድ የተሰካበት ፖርትም ለኮንቴነሩ (ከኢሜጁ ተነሥቶ ለሚሠራው) በግልጽ ካልተሰጠ አይታየውም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ከዳግም መነሣት በኋላ | የአስተዳዳሪ ፈቃድ | የሚነካው | በፍላሽ ሲዛወር | የዳታ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ በተርሚናል | አይቀጥልም | አይጠይቅም | ከተርሚናሉ የሚነሣውን ሁሉ | እንደገና ይጻፋል | የለም |
| ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ በሲስተምዲ | ይቀጥላል | ይጠይቃል | አገልግሎቱን ብቻ | የአገልግሎት ፋይሉም ይወሰዳል | የለም |
| ኤልዲኮንፊግ | ይቀጥላል | ይጠይቃል | መላውን ማሽን | እንደገና ይመዘገባል | የለም |
| ሙሉ አድራሻ በኮዱ | ይቀጥላል | አይጠይቅም | ፕሮግራሙን ብቻ | አድራሻው አንጻራዊ ከሆነ ይሠራል | የለም |
| ራንፓዝ ከኦሪጂን ጋር | ይቀጥላል | አይጠይቅም | የተቀረጸበትን ላይብረሪ | ይሠራል | እጅግ ትንሽ |
| ኮንዳ | በሙሉ አድራሻ ከተጠራ ይቀጥላል | አይጠይቅም | የራሱን ፎልደር | በልዩ ማሸጊያ | ከፍ ያለ |
| ዶከር | ከተዋቀረ ይቀጥላል | ሲጫን ይጠይቃል | ኮንቴነሩን ብቻ | ኢሜጁ በፋይል ይወሰዳል | ከሁሉ ከፍ ያለ |

ለማን የትኛው?

ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ ቤቱ ተቀምጦ በራሱ ላፕቶፕ ላይብረሪ የሚሞክር ተማሪ በተርሚናሉ ቫሪያብል ይሥራ፤ ሲጨርስ ተርሚናሉን መዝጋት ብቻ ነው። በሌላ ሰው ማሽን ላይ፣ ያለ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚሠራ ሰው ሙሉ አድራሻንና ራንፓዝን ያጣምር። አንድ ኮምፒውተር ለአንድ ሥራ ተመድቦ፣ የላይብረሪው ፎልደር ንጹሕ ከሆነ፣ ኤልዲኮንፊግ በአምስት ደቂቃ ያሳርፋል። የአቅራቢውን ፋይል መለወጥ የተከለከለ ከሆነ የሲስተምዲው መስመር ይሻላል። አንድ ዓይነት ፕሮግራም በብዙ ጣቢያዎች የሚተክል፣ ጣቢያዎቹም ሰው በቀላሉ የማይደርስባቸው ከሆኑ፣ ራንፓዝን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ዶከርን የምመክረው የጂሊብሲ ስሪት ሲጋጭ ወይም ጣቢያዎቹ የተለያየ የሊኑክስ ስሪት ሲይዙ ነው፤ ለሁለት ትናንሽ ላይብረሪ ሲባል ብቻ ግን አይደለም።

ማሽኑ ዊንዶውስ ከሆነ ከላይ ያሉት አብዛኞቹ አይሠሩም። እዚያ ድሮ የዲኤልኤሉን (የዊንዶውሱን የጋራ ላይብረሪ ፋይል) ፎልደር ወደ ፓዝ ቫሪያብል መጨመር ይበቃ ነበር፤ በ2019 ከወጣው ፓይተን 3.8 ጀምሮ ግን የዲኤልኤል ጥገኞች በፓዝ ውስጥ አይፈለጉም። ኦኤስ ሞጁል ውስጥ ያለውን አድ ዲኤልኤል ዳይረክተሪ የተባለ ፈንክሽን መጥራት፣ ወይም ጥገኞቹን ከዋናው ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጦ ዋናውን በሙሉ አድራሻ መጥራት ያስፈልጋል። አሮጌ መመሪያ ተከትለው ፓዝን ደጋግመው የሚያስተካክሉ ሰዎች የሚደክሙት በዚህ ለውጥ ምክንያት ነው።

የተመረጠው መንገድ የትኛውም ቢሆን፣ ከጣቢያው ከመውጣት በፊት የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ፈተና አለ። ኢኤንቪ የተባለውን ትእዛዝ በአይ አማራጭ ጠርቶ፣ ቀጥሎ የፓይተኑንና የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ነው፤ ይህ ፕሮግራሙን ምንም ዓይነት ቫሪያብል ሳይወርስ ባዶውን ያስነሣዋል። ራንፓዝን፣ ኤልዲኮንፊግን ወይም ሙሉ አድራሻን የመረጠ ሰው ፕሮግራሙ እዚህ ላይ ከሠራለት ማንም ቢያስነሣው ይሠራለታል፤ የሲስተምዲውን መስመር የመረጠ ግን አገልግሎቱን ራሱን ማስነሣት አለበት። ሱሉልታ ላይ ይህን ከፈተንሁ በኋላም ጥበቃውን ጠርቼ የኮምፒውተሩን ሶኬት እንዲነቅሉና እንዲሰኩ ጠየቅኋቸው፤ ማሽኑ ሲነሣ የመጀመሪያው ጀሪካን ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ደረሰኙም ወጣ።